የክዳን ሜዳና የእናቴ ጥቅል ጎመን

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፣ ምክንያቱም ስለዚያ ሜዳ ባነሳሁ ቁጥር የሚያውቁኝ ሰዎች «አንቺ እኮ ያኔ ስትጮሂ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር» ይሉኛል። አዎ፣ እጮህ ነበር። አርባ ሰው አንድ የፕላስቲክ ክዳን ሲያሳድድ እያየች ያልጮኸች የስፖርት አስተማሪ ካለች አምጡልኝ።

መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ግርጌ፣ አንድ ሜዳ ነበረን። ያኔ ከተማው እዚያው ደጃችን ላይ ያልቅ ነበር። ዛሬ የታክሲ ሰልፍ የሚያንገላታን ጀሞ ያኔ የስንዴ ማሳ ነው፤ ወደ ለቡ ደግሞ ጭድ ሊገዛ ካልሆነ ማንም እግሩን አያነሳም። እኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነኝ፤ በሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ፤ የቀበሌው የስፖርት ኃላፊም ነኝ። ኃላፊ የሆንኩት እንዲህ ነው። አንድ ቀን ስብሰባው አራት ሰዓት ሙሉ ሲጎተት ማዛጋት መጣብኝ፤ አፌን ልሸፍን እጄን ከፍ ሳደርግ ሊቀመንበሩ «ጓድ ፈቃደኛ ናት!» አለ፤ ተጨበጨበ፤ አለቀ።

ክዳኑ የመጣው ከአብዮቱ በፊት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሂሳብ የሚያስተምረን አንድ ፈረንጅ ነበር፤ አገሩ ሲገባ ሌላው ተማሪ መጽሐፍ ሲደርሰው ለእኔ ይህ ደረሰኝ። ነጭ፣ ክብ፣ ፕላስቲክ፤ ሲወረውሩት እየተሽከረከረ የሚንሳፈፍ። ፍሪዝቢ ይለው ነበር። በላዩ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረበት፤ ጊዜው ሲለወጥ ግን እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ይዞ ሜዳ ለሜዳ መሮጥ ጥያቄ ያስነሳ ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጠፋሁት። እናቴ ተፍቆ ስታየው «ይሄ ደግሞ የምን ክዳን ነው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ክዳን አለው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሰባት በሰባት ሆነን እንገጥማለን። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ በአመድ የተሰመረ ክልል አለ፤ ክዳኑን እየተቀባበላችሁ ሄዳችሁ እዚያ ክልል ውስጥ የቆመ ጓደኛችሁ ከቀለበው አንድ ነጥብ ነው። ክዳኑን የያዘ ሰው አይራመድም፤ ቆሞ ይወረውራል። መሬት ከወደቀ ለተቃራኒው ቡድን ይሆናል። መገፋፋት የለም፣ መነካካት የለም። ዳኛም የለም። ሰው የነካ ወይም መስመር የነካ ተጫዋች ራሱ «ነካሁ» ብሎ ይናገራል። ያ ፈረንጅ ይህን ሲነግረን ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ነው የፈረሰው።

ለምን እንዲህ እንደወደድኩት ልንገራችሁ። እግር ኳስ ላይ እኔን የሚያስገባ አልነበረም፤ ልጅነቴን በሙሉ ከሜዳ ዳር ቆሜ የሌላ ሰው ኮት ስይዝ ነው ያደግሁት። ደግሞም በዚያ ዘመን ሰፈሩ አንድ ላይ የሚቆመው ወይ ቀብር ላይ ነው ወይ ስብሰባ ላይ። ያ የከፋው ጊዜ ገና ማለፉ ነበር፤ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ዙሪያውን ቃኝቶ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ከቅዳሴ የሚመለሱትም፣ ጸሎት ቤታቸው የታሸገባቸው ከደቡብ የመጡ ጎረቤቶቻችንም፣ ማንንም የማያምኑትም ቆመው ክዳን ሲበር ያዩና ይስቁ ነበር። ጮክ ብለው ይስቁ ነበር። ያንን ሳቅ ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር በልቤ።

የመጀመሪያውን ውድድር ሳዘጋጅ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ቡድኖቹን በየመንደሩ ከፈልኩ፤ የተሸነፈ ይሰናበታል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ከጋራዡ በኩል የመጣው ቡድን ውስጥ አንድ መካኒክ ነበር፤ እጁን ሲዘረጋ የመብራት ገመድ የሚነካ የሚመስል። ሰፈሩ ረጅሙ ይለዋል፣ እኔም ረጅሙ እለዋለሁ። ረጅሙ ያለበት ቡድን የደረሰበትን ሁሉ አጨደው። የሴቶች ማኅበር ቡድን፣ እናቴ ያለችበት ማለት ነው፣ ስምንት ለባዶ ተሸንፎ ሲወጣ ክዳኑን በእጁ አልነካም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ የቀሩት ሁለት የጎረምሳ ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ልክ በዚያች ሰዓት የከፍተኛው ካድሬ ከሊቀመንበራችን ጋር ከተፍ አለ።

ከፍተኛ ማለት ከቀበሌው በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ካድሬው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ካኪ የለበሰ፣ ጥቁር ጫማው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ወጣት ነው። ሜዳውን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ የታለ?»

«ቤቱ ገባ።»

«ለምን?»

«ተሸንፎ።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ የሊቀመንበሩ ፊት ሲገረጣ ነው። ካድሬው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰፊው ሕዝብ አይሸነፍም!» አለ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን፤ ረጅሙ ክዳኑን ብብቱ ውስጥ ወትፎ አጨበጨበ።

ከዚያ ካድሬው ሜዳውን ዞሮ ሲቃኝ ዓይኑ የእናቴ ጎመን ላይ አረፈ። እናቴ በሜዳው ጥግ፣ ሁለት አልጋ በምታህል ቦታ ላይ ጥቅል ጎመን ታበቅል ነበር። የእናቴ ጎመን የዋዛ አይደለም፤ አንዱን ለመሸከም ሁለት እጅ ይፈልጋል። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ዳበሰው፤ አፈሩንም በጣቶቹ ፈተገው። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

«ይህን የመሰለ ጥቁር አፈር ላይ አሥራ አራት ጎረምሳ ይራወጥበታል? ሕዝቡ አትክልት ያስፈልገዋል።»

ሦስት እሁድ ሰጠኝ። በሦስተኛው እሁድ ራሱ መጥቶ ያያል። ወጣት ሽማግሌ፣ ሴት ወንድ ሳይባል ሰው ሁሉ ሲጫወት ካየ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ካላየ ትራክተር ይመጣል።

ቤት ገብቼ እናቴ ላይ ፈነዳሁ። «በአንቺ ጎመን የተነሳ ሜዳዬን ልጣ?» አልኩ። እሷ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«በጎመኔ አታመካኚ» አለች። «ጠዋቱን ሙሉ ከጫፍ ጫፍ ስሮጥ ያ ክዳንሽ አንዴ እንኳ ደህና ነሽ ወይ አላለኝም። ጨዋታ ብለሽ ጠርተሽኝ የሰው ሩጫ ነው ያሳየሽኝ። ማን ዳግመኛ የሚመጣልሽ መሰለሽ?»

ደሜ ፈላ። የኔ ደም የሚፈላው ደግሞ ሰው እውነቱን ሲነግረኝ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዕድራችን ጸሐፊ ከደጃፋቸው ጠሩኝ። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ከደረት ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ። ነገሩን ሁሉ ሰምተዋል፤ በኛ ሰፈር ያልሰማ የለም።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለቅሶና ጨዋታ ምን አገናኛቸው?»

«ስሚኛ! ጉልበት ያለው ድንኳን ይተክላል። መካከለኛው ውሃ ይቀዳል፣ ወንበር ያመላልሳል። ጉልበት የሌለው ደግሞ ቁጭ ብሎ ያጽናናል። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ ድንኳን ተካይ ከአጽናኝ ይበልጣል ሲባል አልሰማሁም። አንቺ ግን ድንኳን ተካዮቹን በሙሉ አንድ ቤት፣ አጽናኞቹን በሙሉ ሌላ ቤት ላክሻቸው። ታዲያ እንዴት ይሁን?»

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ገብተው ሦስት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ይዘው መጡ። በአንደኛው የድንኳን ተካዮች ስም፣ በሁለተኛው የውሃ ቀጂዎች፣ በሦስተኛው የአጽናኞች ስም ተጽፎ ይገባል፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቡድን ከሦስቱም ቆርቆሮ ይደርሰዋል። ክዳኑ በአንድ አጽናኝ እጅ ሳይገባ የተቆጠረ ነጥብ ነጥብ አይደለም። የተሸነፈ ቡድን ደግሞ ቤቱ አይሄድም፤ ከተሸነፈ ጋር ይገጥማል፣ ያሸነፈም ካሸነፈ ጋር፤ እስከ ምሳ ሰዓት የሚቀመጥ የለም። ይህን ሁሉ ያወጡት ክዳኑን ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለእኔ የቀረኝ መጮህ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው እሁድ ዕጣ ሲወጣ ረጅሙ ላይ እናቴ ደረሰችው።

«እኔ አሮጊት ይዤ አልጫወትም!» አለ።

«ማነው አሮጊት?» አለች እናቴ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ረጅሙ እሷን ትቶ እኔን ተማጸነ፤ እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ንዴቱን በክዳኑ ተወጣ፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረላት፤ ክዳኑ ደረቷን መትቶ ወደቀ። እናቴ ደረቷን እያሻሸች አጠገቡ ድረስ ሄደች። «ልጄ፣ እኔ ግድግዳ ነኝ እንዴ የምትወረውርብኝ? እንደ ሰው አቀብለኝ» አለችው። ሰዉ ሳቀ፤ ረጅሙ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲያ ነው ቀስ ብሎ፣ ዝቅ አድርጎ መወርወር የተማረው። እናቴን መቅለብ ያስተማራትም እሱ ነው። «እማማ፣ ስብሰባ ላይ እንደሚያጨበጭቡት ያድርጉና ክዳኑን መሃል ላይ ያግኙት» አላት። እናቴ አጨበጨበች፤ ክዳኑ እጇ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማስተማሪያ አላስፈለገኝም። ማጨብጨብማ ሰፈሩ በሙሉ የሠለጠነበት ነገር ነው።

ደስ ብሎኝ አደርኩ። ደስታዬ እስከ ሁለተኛው እሁድ ቆየ።

በሁለተኛው እሁድ ጋሼ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ማለቴ ነው፣ ለመቅለብ ሲዘረጉ የረጅሙን ትከሻ ነኩ። ያቺን ንክኪ ዝንብ እንኳ ከቁብ አትቆጥራትም። እጃቸውን አወጡ። ጨዋታው ቆመ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ።»

ኧረ በስመ አብ! ወዲያው ገባኝ። ለካ በዚያ ዘመን ሰው ጥፋቱን የሚናገርበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የስብሰባው መንገድ ነው፤ መቆም፣ ጥፋቱን መዘርዘር፣ ከምን አመለካከት እንደመነጨ ማብራራት፣ ለወደፊቱ ቃል መግባት። እኔ «የነካ ራሱ ይናገር» ስላቸው ሌላ ምን ይምሰላቸው?

«ጓድን ትከሻው ላይ የነካሁት» አሉ ጋሼ፣ «የማሸነፍ ጉጉት አሸንፎኝ ነው። ይህም ከግለኝነት የመነጨ፣ ከንዑስ ከበርቴ አመለካከት ገና ያልጸዳ መሆኔን የሚያሳይ…»

ከዳር አንዱ «ሂስ አለኝ!» ብሎ ተነሳ። ጋሼ ባለፈው እሁድም ነክተው ሳይናገሩ አልፈዋል አለ። ጋሼ ለዚያም ግለ ሂስ አቀረቡ። እሳቸው ሲጨርሱ አንዲት ውሃ ቀጂ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ክዳኑን ደረቷ ላይ አቅፋ እንባዋ መጣ። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «ባለፈው ወር የኅብረት ሱቁ ስኳር ሲያድል ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼ ሁለቴ ተሰልፌያለሁ።» የኅብረት ሱቁ ሠራተኛ ተቃራኒው ቡድን ውስጥ ነበር። «አንቺ ነሽ እንዴ!» ብሎ ጮኸ። በእሱ ላይ ደግሞ ሂስ አለን ያሉ አምስት ሰዎች ነበሩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ነጥብ ብቻ ተቆጠረ። ክዳኑን አንድ አጽናኝ ከፀሐይ መከለያ አድርጎት ተኝቷል።

ጮህኩ። ያን ቀን የጮህኩትን ጩኸት ነው እስከ ዛሬ የሚያወሩልኝ።

«እጅ ትከሻ ላይ! አንድ ቃል! ነካሁ! ምክንያት የለም፣ አመለካከት የለም፣ ስኳር የለም! ከአንድ ቃል በላይ የተናገረ ክዳኑ ይወሰድበታል! ሂስ አለኝ የሚባል ነገርም የለም፤ የሰው ጥፋት ያየ ሰው አፉን ይዝጋ! የነካው ራሱ ያውቃል፣ ራሱ ይናገራል!»

ከዚያ ጋሼ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «ነካሁ» አሉና ሳቁ። በዚያ ቀን ቀሪውን ጨዋታ እየተሳሳቅን ጨረስን።

ረጅሙ ግን ነካሁ የሚባል ቃል አይወጣውም። ይገፋል፣ መስመር ይረግጣል፣ ከዚያ ደመና ያያል። ማንም ሊናገረው አይችልም፤ ደንቡ አይፈቅድም። እናቴ ናት መላ ያገኘችለት። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች፤ ክዳኑን የያዘም ሰው አይወረውርም። «ጊዜ አለን» ትላለች። ብቻ ይህን ነው የምትለው። አርባ ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቅህ ደመና ማየት ይከብዳል። ረጅሙ መጨረሻ ላይ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እሺ፣ ነካሁ፣ ነካሁ» ይላል፤ እናቴም «ተባረክ» ትለውና ጨዋታው ይቀጥላል።

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ወጥቼ በአመድ መስመሩን ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ሰዉ ከቅዳሴ መልስ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሱሪውን በገመድ አስሮ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን «እኔ አጽናኝ ነኝ፣ አልሮጥም» እያለች። ሊቀመንበሩና ካድሬው ሲደርሱ ስድስት ቡድን ተሰልፎ ነበር። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ የኔ ቡድን አንድ ሰው ጎደለው። አጽናኛችን እውነተኛ ለቅሶ ሄዳ ነበር።

ጋሼ ቀጥ ብለው ካድሬው ፊት ቆሙ። «ጓድ፣ በደንባችን ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። አንድ አጽናኝ ጎድሎናል።»

ካድሬው ደንቡን ካስረዱት በኋላ «እኔ ድንኳን ተካይ ነኝ» አለ፤ ጋሼም ስሙን ጽፈው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱ። ካኪ ኮቱን አውልቆ ለሊቀመንበሩ አስያዘ። ገና ሲጀመር ሮጠና ወደቀ። ተነስቶ እንደገና ሮጠና እንደገና ወደቀ። ማን ይሳቅ? ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬቱን ያያል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ግን ራሱ ፈገግ አለ፤ ያን ጊዜ ሜዳው በሙሉ ፈነዳ። ጋሼ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ስሙ ያለበትን ወረቀት ከድንኳን ተካዮች ቆርቆሮ አውጥተው አጽናኞች ውስጥ ከተቱት። ካድሬውም አቧራውን እያራገፈ ሄዶ ክልሉ ውስጥ ቆመ።

የኔ ቡድን የገጠመው የረጅሙንና የእናቴን ቡድን ነው። ቀድሞ ስምንት ያገባ ያሸንፋል። ሰባት ለሰባት ሆንን። ክዳኑ እኔ እጅ ላይ ነው፤ ረጅሙ ፊቴ ላይ እንደ ግንብ ተገትሯል፤ በብብቱ ሥር አጮልቄ ሳይ ካድሬው ክልሉ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ቀስ ብዬ፣ ዝቅ አድርጌ ወረወርኩለት። መሮጥ አያውቅም እንጂ ማጨብጨብ ላይ ማን ይወዳደረዋል? ጭብ! ያዘው። ወደ ኋላ ግን አንድ እርምጃ ተንገዳገደ።

ተረከዙ የአመዱን መስመር ነካ። ሁላችንም አየን። በዚያ እንደ መስታወት በሚያበራ ጥቁር ጫማ ላይ ነጭ አመድ ተለጥፏል።

ሊቀመንበሩ ኮቱን በክንዱ ላይ አድርጎ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌላ ማንም አላጨበጨበም። በዚያ ዘመን ጭብጨባ ተጀምሮ ሰው ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ሊቀመንበሩም አያውቅም መሰለኝ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ለካድሬ ተሳስተሃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያ ዘመን ያገኘው ያውቃል። ደግሞ ሜዳው! ነጥቧ ብትቆጠር ይደሰታል፣ አሸናፊ ሆኖ ይሄዳል፣ ሜዳዬ ይተርፋል። «ገብቷል!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። አዎ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ልዋሽ ነበር። ይህን ለመናገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እናቴ ግን አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጊዜ አለን፣ ልጄ» አለችው።

እናቴን በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጠልቻት አላውቅም። ካድሬው ጫማውን አየ። ከዚያ እኛን አየ፤ ጋሼን፣ ረጅሙን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ባለ ገመድ ሱሪውን ሽማግሌ። ማንም አልጠቆመበትም፣ ማንም ሂስ አለኝ አላለም። ዝም ብለን ጠበቅነው። እጁ ቀስ ብሎ ተነሳና ትከሻው ላይ አረፈ።

«ነካሁ» አለ።

ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። ረጅሙ ክዳኑን በሁለት እጁ ተቀበለው። ጨዋታው ቀጠለ፤ ከሦስት ቅብብል በኋላ ረጅሙ ዝቅ አድርጎ ወረወረ፣ እናቴ አጨበጨበች፣ ስምንት ለሰባት ተሸነፍን። ካድሬው ኮቱን ከሊቀመንበሩ ተቀብሎ ለበሰ። ጫማውን ሳይጠርግ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ከእናቴ ጋር ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን አላስቻለኝም። «ሜዳዬን ለአንድ ተረከዝ ሸጥሽው!» አልኳት።

«ባለሥልጣን ሲዋሽ ዝም የምንልበት ቦታ ሞልቶልሻል» አለች፣ ሽንኩርት እየላጠች። «ሜዳሽም እንደዚያ ከሆነ ጎመን ይሻላል።»

ተነስቼ ወጣሁና ሜዳው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። ትራክተሩ ከየት በኩል እንደሚገባ እንኳ መርጬለት ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ከከፍተኛው የመጣ ደብዳቤ ይዞ ቆመ፤ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ሊቀመንበሩ አነበበ፦ «በቀበሌው ክልል የሚገኘው ሜዳ በአካል ተጎብኝቶ፣ አፈሩ ድንጋያማ፣ ለጎመንም ሆነ ለሌላ አትክልት ፈጽሞ የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለሕዝቡ የስፖርት አገልግሎት እንዲውል ተወስኗል።»

መጀመሪያ ያልገባን መስሎን እርስ በርስ ተያየን። ሊቀመንበሩ «ድንጋያማ» የምትለዋን ደግሞ ለራሱ አነበባት። ከዚያ አጨበጨብን። የዚያን ቀን ጭብጨባ ማንም አልጀመረልንም። እናቴ ብቻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታስባለች።

በማግስቱ እሁድ ነው። ካድሬው መጣ። ብቻውን ነው፤ ካኪ ኮት የለም፤ እግሩ ላይ የሸራ ጫማ። ማንንም ሳይጠይቅ አጽናኞች ቆርቆሮ አጠገብ ሄዶ ተሰለፈ። ሰዉ ምን እንደሚለው ጠፍቶት ዳር ዳር ሲል፣ እናቴ ከሜዳው ጥግ ስትመጣ አየሁ። በሁለት እጇ አንድ ጥቅል ጎመን አቅፋለች፤ ከሁሉም ትልቁን፣ ሥሩ ላይ ያ ጥቁር አፈር እንደተጣበቀ። ፊቱ ቆመች።

«ልጄ» አለችው፣ «ይህ ድንጋይ ላይ የበቀለ ይመስልሃል?»

ካድሬው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከኛ በቀር ማንም አልነበረም። እጁን ቀስ አድርጎ ትከሻው ላይ አሳረፈ።